የበሬ ብዛት

ጋሼ የአክስቴ ባል ናቸው። አክስቴ ካረፈች ወዲህ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቅዳሜ ከሂርማታ ገበያ ስመለስ እግረ መንገዴን ጎራ እላለሁ፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ ጨዋታውን እሳቸው ያመጣሉ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ቀን፣ የገዛሁትን ከሰል ደጃፉ ላይ ሳወርድ «ከየት የመጣ ነው?» አሉኝ። ነጋዴው ከከፋ በኩል ነው እንዳለኝ ነገርኳቸው። ማዳበሪያውን ትክ ብለው አዩትና ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወሩኝ።

ጋሼ ዘማች ነበሩ። በታኅሣሥ 1967 ደርግ ዩኒቨርሲቲውንና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹን የላይኛ ክፍሎች ዘግቶ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በ«ዕድገት በኅብረት» ዘመቻ ወደ ገጠር ሲያሰማራ፣ እሳቸው የአዲስ አበባ ልጅ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ ሌላ ዓለም የማያውቁ፣ የደረሳቸው ዕጣ ከፋ ክፍለ ሀገር ሆነ። ያን ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ይቺው ጅማ ናት። ከዚህ በጭነት መኪና ወደ ቦንጋ ተወሰዱ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጋሼና ጓደኞቻቸው ጫካው ጫፍ ላይ ባለች መንደር ውስጥ ነበሩ። በሬዲዮ ሰምተው እስኪነጋ ድረስ እንደጨፈሩ ዛሬም ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። ለምን አይበራ? «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡ፣ በዱላ የተደበደቡ፣ የታሰሩ ልጆች ናቸው። የጠየቁት ሆነላቸው። በዓለም ላይ ስንት ትውልድ ነው የጠየቀው ሲሆን ያየ?

ሥራቸው ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ነበር። አዋጁ ለአንድ ማኅበር በትንሹ 800 ሄክታር፣ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 10 ሄክታር ብሎ ደንግጓል። ጋሼ የሒሳብ ደብተር ገዝተው በማስመሪያ ዓምድ አሰመሩ። ስም። የቤተሰብ ብዛት። የበሬ ብዛት። የሚያርሰው መሬት ስፋት። ሰው ሁሉ ተራ ይዞ ተመዘገበ። ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ ከሁሉም ኋላ፣ ከሰልፉም ራቅ ብሎ የቆመ አንድ ሰው መጣ።

«በሬ የለኝም አለ» አሉኝ ጋሼ። «መሬትስ? ብዬ ጠየቅሁት። የቱን መሬት? አለኝ። የምታርሰውን። አላርስም አለ። ታዲያ በምን ትኖራለህ ስለው እጁን ወደ ጫካው ዘረጋ። ቀፎዎቹ የተሰቀሉባቸውን ዛፎች አንድ በአንድ፣ በስም በስማቸው እየጠራ ይቆጥርልኝ ጀመር። አስተርጓሚያችን መተርጎሙን ተወና ሳቀ። ተዉት፣ ይሄ ማንጆ ነው አለን። እኔ ግን ቆራጥ አብዮተኛ ነኝ፣ ማንንም አልተውም። ምን ብዬ እንደጻፍሁ ታውቂያለሽ?»

አላወቅሁም።

«መሬት የለሽ።»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ይህቺ ቃል ከራሴ አልወጣችም። ጫካ ሙሉ ዛፍ በስም የሚያውቅ ሰው፣ በአንድ ደግ ልጅ እስክሪብቶ መሬት የለሽ ሆነ። የጻፈው ባላባት አይደለም፤ ነፍጠኛ አይደለም፤ ለድሃ ሊሞት የመጣ፣ ከሞትም ለጥቂት የተረፈ ወጣት ነው። (ጋሼ በዚያው ዓመት ጅማ ላይ ታስረዋል። በዚህ አካባቢ ዘማቾቹ ገበሬውን ይዘው ከፖሊስና ከሹማምንት ጋር ተጋጭተው ሰው ሞቷል። እሱን ታሪክ ግን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጀግንነት ያለበትን ታሪክ ሁሉም ይናገራል።)

በአማርኛ ማንጃ፣ በከፋ ሰው ቋንቋ በካፊኖኖ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች በከፋና በሸካ ጫካዎች የኖሩ አዳኞች፣ ማር ቆራጮች፣ ከሰል አክሳዮች ናቸው። የከፋ ንጉሥ በነበረበት ዘመን የአገሩን ኬላዎች ይጠብቁ እንደነበር ይነገራል። በር ጠባቂ ነበሩ፤ ቤት ግን አይገቡም። ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ፣ ርኩስ ናቸው ተብለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር አይጋቡም፣ አብረው ማዕድ አይቆርሱም። የእናቴ አገር ቦንጋ ስለሆነ ይህን በመጽሐፍ አላነበብሁትም። አያቴ እንጨት ይዞ ለመጣ ማንጆ ምግብ የምትሰጠው በእንሰት ቅጠል ላይ ነበር፤ ቡና ከሰጠችም ጠርዙ በተሰበረ ቅል፣ እሱም ደጅ ቆሞ ነው። አያቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቢታመም መድኃኒት ትሰጠው፣ ልጁ ቢሞት ታለቅስለት ነበር። ከደጁ አልፎ ግን አልገባም።

እንግዲህ አብዮቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አዋጁን ከዚህ ቅዳሜ በኋላ ፈልጌ ደግሜ አነበብሁት። በፆታ ሳይለይ፣ መሬት በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ለኑሮው የሚበቃ መሬት ይሰጠዋል ይላል። ያማረ አንቀጽ ነው፤ በሴት ስም መሬት ሲጻፍ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ለአርብቶ አደሮችም የግጦሽ መሬት የራሱ ክፍል ተሰጥቶታል። በጫካ ለሚኖር፣ ለማያርስ፣ ከብት ለማያግድ ሰው ግን መስመር የለውም። «ለማረስ ፈቃደኛ» የምትለዋ ሐረግ በሩ ናት፤ መግባት የሚሻ መጀመሪያ ገበሬ ይሁን። በከፋና በሸካ ኮቦ የሚባል፣ ጫካን በክልል በክልል ለይቶ ቀፎ የመስቀል መብትን የሚደነግግ ነባር ሥርዓት ነበር። አድልዎ ያልነበረበት እንዳይመስላችሁ፤ ባለኮቦው ብዙ ጊዜ ማንጆ አልነበረም። ቢሆንም ጫካ ባለቤት የሌለው መሬት ሳይሆን ሕግ ያለው አገር መሆኑን ያውቅ ነበር። አዋጁ ሁሉንም የሕዝብ ሀብት ሲያደርገው ኮቦም የፊውዳል ቅሪት ተብሎ አብሮ ተጠረገ።

የግራ ዘመሙን ትውልድ መውቀስ ዛሬ ቀላል ፋሽን ሆኗል፣ እኔ እዚያ ውስጥ መግባት አልሻም። በኅዳር 1962 ዋለልኝ መኮንን የተባለ ተማሪ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ባያነሳ፣ የተማሪው ንቅናቄም ባይከተለው፣ ዛሬ እዚህ ጅማ ሆኜ ስለ ካፊኖኖ ስጽፍ ምናልባት «የአካባቢ ቀበልኛ» ብዬ እጽፍ ነበር። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርና ቋንቋዎቹ በሂደት 15 ሲደርሱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ከመካከላቸው ነበር። አያቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው ያኔ ነው፤ በግዕዝ ፊደል፣ በራሷ ቋንቋ። ይህን ያደረገው አብዮቱ ነው። ለአያቴ አደረገላት። ቅጠል ላይ ለሚበላው ሰውዬ አላደረገለትም ማለት አልችልም፤ እሱም ቋንቋው ካፊኖኖ ነው፣ ተምሮም ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው የሚጠላለፈው።

ጋሼ በዘመቻው ጊዜ በኩራዝ ብርሃን የሚያነቡት አንድ የተባዛ ጽሑፍ ነበር፦ ስታሊን በ1913 እ.ኤ.አ. ስለ ብሔር የጻፈው። ብሔር ማለት የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ግዛት፣ የጋራ ኢኮኖሚያዊ ሕይወትና በጋራ ባህል የሚገለጥ የሥነ ልቦና አንድነት ያለው ሕዝብ ነው። አንዱ ከጎደለ ብሔር የለም። በቃል ያውቁት ነበር፤ ዛሬም ያውቁታል። በዚህ መመዘኛ የእኛን ሰውዬ እንመዝነው። ቋንቋው የጎረቤቱ ነው። የሚኖረው ጎረቤቱ በሚኖርበት ምድር ነው። ስለዚህ ማንጆ ብሔር አይደለም። በመደብም እንመዝነው፤ ገበሬ አይደለም፣ ጭሰኛ አይደለም፣ ወዛደርም አይደለም። አብዮቱ ጭቁንን የሚፈልግባቸው ሁለት ወንፊቶች ነበሩት፣ በሁለቱም በኩል ሾልኮ ወደቀ። ከሰማንያ የሚበልጡ ሕዝቦች ባሉበት አገር ከተጨቆኑት ሁሉ በታች ያለው ሰው ለመጨቆን እንኳ የሚበቃ ስም አጣ።

ደግሞ አንቀጽ 39ን እዩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የሚለውን ሲተረጉም የጋራ ባህል፣ የጋራ ቋንቋ፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ የተያያዘ መልክዓ ምድር ይላል። ኢኮኖሚያዊው ሕይወት ቀርቶ «የተዛመደ ህልውና አለን ብለው የሚያምኑ» የሚል ተጨምሮበታል እንጂ አጥንቱ ያው ነው። በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ወንበር አለው። መጀመሪያ ግን ብሔር መሆን።

የየም ሰዎችን ነገር እዚህ ሳላነሳ ባልፍ ጅማ አድጌያለሁ ማለት አልችልም። በአቅራቢያችን የሚኖር፣ የራሱ ንጉሥ የነበረው፣ ጥቅምት ሲገባ በቦር ተራራ የመድኃኒት ዕፅ የሚለቅም ሕዝብ ነው። በልጅነታችን ግን ሌላ ስም ነበረው፤ በአማርኛ ጆሮ ከአንድ አውሬ ስም ጋር የሚገጥም ስም፣ እኛም ክፍል ውስጥ አብረውን የሚማሩትን ልጆች እሱን እየጠራን እናስለቅሳቸው ነበር። ያ ስም በወረቀት ላይ የተሰረዘው ከ1983 በኋላ ነው። የምኛ ከ15ቱ የመሠረተ ትምህርት ቋንቋዎች አንዱ አልነበረም፤ ዛሬ የም የራሱ አስተዳደር አለው። ለየም ያ የብሔር ወንፊት ሠርቷል ማለት ነው። ቋንቋ ነበራቸውና።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን በዚያው ቅዳሜ «ኒካራጓም እንዲሁ ነው» አሉኝ፤ በሰማንያዎቹ የፈረንጅ ዓመታት በሬዲዮ ሲከታተሏት የነበረች አገር ናት። ሳንዲኒስታ የተባሉት ግራ ዘመም አማፂያን በሐምሌ 1979 እ.ኤ.አ. (የውጭ አገሮቹን ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አምባገነኑን ሶሞዛን አባረው ሥልጣን ያዙ። በፓሲፊክ በኩል ለሚኖረው ስፓኒሽ ተናጋሪ ድሃ ገበሬ አብዮቱ ትንሣኤ ነበር። በአትላንቲክ ዳርቻ ግን ሚስኪቶ፣ ሱሞ፣ ራማ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ በወንዝና በጫካ የሚኖሩ፣ ሶሞዛንም ከሩቅ እንጂ በቅርብ የማያውቁ። አዲሱ መንግሥት ዳርቻውን «የሚነቃ ግዙፍ» ብሎ ጠራው። ተኝቷል ማለቱ ነው እንግዲህ። በ1980 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር በስፓኒሽ ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ አምርሮ ጠይቆ ነው በሚስኪቶና በሌሎቹም ቋንቋዎች የተጨመረው። በቀጣዩ ዓመት የሕዝቡ ድርጅት ሚሱራሳታ የመሬት ባለቤትነቱን ካርታ ሲያዘጋጅ መሪዎቹ ታሰሩ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። አሜሪካ መንግሥቱን ለሚወጉት ታጣቂዎች፣ ለኮንትራዎቹ፣ መሣሪያና ገንዘብ ታቀርብ ነበርና የመንግሥቱ ስጋት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም፤ ይህንንም መዝለል ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን በ1982 መጀመሪያ ላይ ወታደሮች ከኮኮ ወንዝ ዳር 8,500 ያህል ሰዎችን ከየመንደራቸው አስነስተው ወደ ውስጥ ወሰዷቸው። መንደሮቹ ተቃጠሉ፣ ከብቱ ታረደ። ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ደግሞ ወንዙን ተሻግረው ወደ ሆንዱራስ ሸሹ። የሰፈራ ጣቢያዎቹ ስም «ታስባ ፕሪ» ተባለ፤ በሚስኪቶ ቋንቋ ነፃ ምድር ማለት ነው። ይህን ሲነግሩኝ እኔና ጋሼ ተያየን። የእኛ አገር የሰፈራ መንደሮች በቁጥር መጠራታቸው ቢያንስ ሐቀኝነት ነበረው።

ለሳንዲኒስታዎቹ አንድ ነገር እመሰክራለሁ፦ ስህተታቸውን አምነው ተናገሩ። በ1985 ሰዎቹ ወደ ወንዛቸው እንዲመለሱ ተፈቀደ፤ በ1987 የራስ ገዝ ሕግ ወጣ። ሕጉ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ በከፊል እውነታቸውን ነው፤ አዋስ ቲንግኒ የተባለች የማያግናዎች (ከላይ ሱሞ ያልኋቸው ናቸው) መንደር ጫካዋን ለእንጨት ኩባንያ የሰጠባትን መንግሥት በአሜሪካ አኅጉር የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ከስሳ የረታችው በ2001 ነው። ሥልጣን ላይ ያለ አብዮት «ተሳስቻለሁ» ብሎ ሕግ ሲያወጣ ግን እኛ አገር አላየሁም።

በፔሩ የሆነውን በአንድ መስመር አልፋለሁ፣ ከዚያ በላይ ለመጻፍ ሆድ የለኝም፦ ራሱን የድሃው ጦር ያለው «አንጸባራቂው ጎዳና» በአማዞን ጫካ የሚኖሩትን አሻኒንካዎች በሺህ እየቆጠረ በባርነት አሠራ፣ ገደለም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ቦሊቪያ ናት። እዚያ ሥልጣን የያዘው ፈረንጅ መምህር ወይም ወታደር አይደለም፤ ራሱ የአይማራ ተወላጅ የሆነው የኮካ ገበሬ ኢቮ ሞራሌስ ነው። በ2009 ሕገ መንግሥቱ አገሪቱን የብዙ ብሔሮች መንግሥት አላት፤ ከስፓኒሽ ጋር 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች የመንግሥት ቋንቋ ሆኑ። ይህን ስሰማ በቃ፣ ነገሩ ተፈታ አልሁ። በ2011 ግን ያው መንግሥት ቲፕኒስ በተባለ ጥብቅ ጫካ መሀል አውራ ጎዳና ሊያሳልፍ ተነሣ። በጫካው ውስጥ የሚኖሩት ቺማኔ፣ ዩራካሬና ሞኼኞ ሕዝቦች አንጠየቅም ወይ ብለው ወደ ላፓስ በእግር ሰልፍ ወጡ፤ መስከረም 25 ቀን እ.ኤ.አ. ቻፓሪና ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስና ዱላ ይዞ ወረደባቸው። መንገዱን አጥብቀው ከደገፉት መካከል ከደጋ የወረዱ የኮካ አራሾች ነበሩ። ሰፋሪዎች፣ ድሆች፣ እነሱም ነባር ሕዝብ። አራሽ በአንድ በኩል፣ የጫካ ሰው በሌላ በኩል። በሬ ያለውና በሬ የሌለው። (ቦሊቪያ ውስጥ በሬ ይቁጠሩ አይቁጠሩ አላየሁም፤ የጋሼን ደብተር ግን እዚያም አየሁት።)

እንግዲህ የነገሩን ሥር ከዘርና ከቋንቋ ብቻ መፈለግ የማይበቃ የመሰለኝ ለዚህ ነው። ግራ ዘመሙ ለአራሹ ነው የተወለደው፤ ቀጥሎ ለሠራተኛው። ሀብት ማለት የተለፋበት መሬት ነው፤ ያልታረሰ መሬት ደግሞ ጠፍ። «ጠፍ መሬት» የምትለዋ ቃላችን ስንት ሰው እንዳፈናቀለች ተቆጥሮ አያልቅም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ 600,000 ያህል ሰዎች ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲሰፍሩ፣ ከፋም፣ ኢሉባቦርም፣ ጋምቤላም ጠፍ መሬት ተብለው ነው። በመተከል ጣና በለስ ላይ ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎች የሠፈሩበት ምድር ጉሙዞች የሚያድኑበት፣ ቦታ እየቀያየሩ የሚዘሩበት ነበር። ዘንድሮ የማያርሱትን መሬት ከዓመታት በኋላ ይመለሱበታል። ይህ በየትኛውም ቅጽ ላይ አይሞላም።

እዚህ ላይ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። «ነባር ሕዝብ» የሚለው ቃል በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ የተከበረ ቃል ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. መግለጫው በ144 ድምፅ ጸድቋል፣ የእኛ አገር ወንበር በድምፁ ሰዓት ባዶ ነበር። በእኛ ሰፈር ግን የ«ነባር» ጥንድ ቃል «መጤ» ነው። ያ ወደ መተከል በረሃብ ተገፍቶ የመጣ ወሎዬ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር መጤ ተብሎ በእኛ አቆጣጠር በ2013 በዚያው ዞን ንጹሐን ሲጨፈጨፉ አይተናል። እኔ ራሴ ማን ነኝ? አባቴ ሸዌ፣ እናቴ የከፋ ሰው፣ የተወለድሁት ኦሮሞ ምድር ጅማ፣ የምጽፈው በአማርኛ። የሰው ጫካ አይነካ ስል የሰው ልጅ ከተወለደበት ይባረር ማለቴ አይደለም፤ ግን ሁለቱን የሚለየው መስመር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ጅማ ውስጥ ሆኖ የማያውቅ የለም።

ጋሼ የነገሩኝ ታሪክ ያበቃው በምዝገባው አይደለም። በሳምንቱ የማኅበሩ መሪዎች ሲመረጡ ማንጆዎቹ መጥተው ከዋርካው ጥላ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ዘማቾቹ ተቆጡ። ጓዶች፣ ሁሉም እኩል ነው፣ ወደ ጥላው ግቡ አሉ። አንድ ማንጆ ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ያህል ሲራመድ ገበሬዎቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያራገፉ ተነሡ። ትናንት ጭሰኛ የነበሩ፣ ባላባቱን ያሳሰሩ ሰዎች ናቸው። ምልዓተ ጉባኤው ሊፈርስ ሆነ። ዘማቾቹ ለብቻቸው ተመካከሩ፤ የመደብ ትግሉ ይቅደም፣ ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ ኢኮኖሚው ሲለወጥ በራሱ ይጠፋል ተባለ። ማንጆውን ባለህበት ሁን ያሉት ጋሼ ናቸው።

«በካፊኖኖ ነው ያልሁት» አሉ። «ቋንቋውን ጀምሬ ነበር። መጀመሪያ ከተማርኋቸው ቃላት አንዱ ‹ተቀመጥ› ነው።»

ምን ልበላቸው? ልፈርድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቦንጋ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለመስቀል አያቴ ዘንድ ሄጄ፣ እንጨት ይዞ ለመጣው ሽማግሌ ማንጆ የተሰበረውን ቅል ትቼ በቤቱ ስኒ ቡና ቀዳሁለት። አያቴ እያየች ምንም አላለችም። እሱም ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እኔን ሳያይ፣ ጠጣው። ያን ቀን ራሴን በጣም ወደድሁት። ማታ ስኒዎቹን ያጠብሁት እኔ ነኝ። አያቴ ተኝታለች፣ ማንም አላየኝም። ያቺን ስኒ ከሌሎቹ ለይቼ አጠብኋት፤ ደግሜ አጠብኋት፤ ከረከቦቱ ላይም አልመለስኋትም።